የፍሪሲዮን ሚስት መንጃ ፈቃድ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን የሚጠራበት የለም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ከአፉ የማይጠፋ አንድ ቃል ስለነበረ ሰልጣኞቹ ያንኑ ቃል ስም አድርገው ለጠፉበት፤ ፍሪሲዮን። «ፍሪሲዮን ያዝ! አሁን ልቀቅ! ቀስ ብለህ ልቀቅ አልኩህ እኮ፣ አንተ ግንድ!» በግራ እግር የምትረገጠው ያቺ ፔዳል ለእሱ የመኪና ዕቃ ብቻ አልነበረችም፤ ሰው ከሰው የሚለይባት ነገር ነበረች። ፍሪሲዮንና ማርሽ አስማምቶ የሚነዳ ሹፌር ነው። አውቶማቲክ የሚነዳ ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ «ሶፋ ላይ ተቀምጦ መሪ የያዘ ተሳፋሪ» ነው። ይህን ሲል አፍንጫውን ይነፋል። ሰው ሲሰማው ብቻ ነው የሚለው እንዳትሉ፤ ብቻውን ጢሙን ሲላጭም ይለዋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ታሪኩ የእሷ ነው፤ እሱን ያስቀደምኩት ካልቀደመ ስለሚያኮርፍ ነው። መንገድ ዳር ባለችው የፊት ክፍላቸው ሁለት የስፌት መኪና ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በአንድ በኩል ጥቅል ጨርቅ፣ በሌላ በኩል ተቆርጦ የተደረደረ ኮሌታ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ባዶ እግሩን የገባን ሰው የማይምር መርፌ። ቀኝ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ጋር ከመላመዱ የተነሳ ኪስ ሲሆን ቀስ፣ የቀሚስ ጠርዝ ሲሆን ፈጠን እያለ ሳታዘው ይሠራል። ይህንን እግር ነው እንግዲህ ባሏ «ከእንጨት የተጠረበ» የሚለው።

አንድ ከሰዓት አስተምሯት ያውቃል። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ከከተማው ዳር ያለ ሜዳ ወስዶ ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሞተሩ ሰባት ጊዜ ጠፋባት። ፍሪሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ ሰው ሁሉ ሰባት ጊዜ ያጠፋል፤ ይሄ የሚገርም ነገር የለውም። እሱ ግን ስምንተኛውን አልጠበቀም። «ውረጂ፣ ውረጂ፣ ሞተሩን ልትገድይብኝ ነው» ብሎ አወረዳትና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። የቀረው ትምህርቱ ነው እንጂ ወሬው አልቀረም። ሦስት ሰው ተሰብስቦ ባየ ቁጥር «የኔዋ መኪና አትነዳም፤ መኪና ነው የምታጠፋው» ይላል። ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። እያረሩ መሳቅ ማለት ይኸው ነው።

እሑድ እሑድ በማሰልጠኛው መኪና ይዟት ይወጣል። የማሰልጠኛ መኪና ደግሞ በአሰልጣኙ በኩልም ፍሬንና ፍሪሲዮን አለው፤ ሰልጣኙ ሲሳሳት አሰልጣኙ ከጎኑ ሆኖ የሚረግጠው። እሷ የምትቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ገና በሩን ሳትዘጋው «እግርሽን ሰብስቢ!» ይላታል። ገበያ ሲሄዱ እግርሽን ሰብስቢ፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ እግርሽን ሰብስቢ። እንዲህ ሁለት እግሯን ወንበሩ ስር ቆልፋ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በመስኮት ስታይ ኖረች።

እንግዲህ ነገር የመጣው በታላቅ እህቷ በኩል ነው። ታላቅየዋ ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህርት ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ርቀዋል፣ ምላሷ ግን አብሯት አለ። አንድ ቀን ከቤቷ በር ፊት ያሉትን አምስት ደረጃዎች ስትወርድ አዳለጣትና የጉልበቷ ሎሚ ተሰበረ። ተቀዶ በሽቦ ታሰረላት፤ ጀሶው ሲፈታ ግን እግሯ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወጣት ነው፤ ቁርጡን ነገራቸው።

«አሁን የሚታጠፈው ሠላሳ ዲግሪ ነው። ዘጠና መድረስ አለብን። ዘጠና ካልደረሰ ደረጃ እንደ ሰው መውጣት የለም።»

«ዘጠና ዲግሪ ለኔ አታስረዳኝ» አለች መምህርቷ። «እድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ ስስለው ነው የኖርኩት። ስንት ጊዜ አለኝ?»

«አምስት ወር። ማክሰኞና አርብ፣ ሳይዛነፍ። ከዚያ በኋላ ጠባሳው ይጠነክራል፤ ያኔ እኔም ብመጣ ማንም ቢመጣ ወዲያ አይልም።» ብሎ የቀጠሮ ካርድ ሰጣት፤ አርባ ባዶ ሳጥን ያለበት፣ በመጣች ቁጥር አንዱ ማኅተም የሚመታበት።

ቀጥ ያለ እግር ሚኒባስ አይገባም። ታክሲ ተኮናትሮ በሳምንት ሁለቴ ማመላለስ ደግሞ ከጡረተኛም ከልብስ ሰፊም አቅም በላይ ነው። ታዲያ ምን ቸገረ፣ ቤት ውስጥ የሹፌሮች ሁሉ አባት ተቀምጦ የለ? ሚስት ባሏን ለመነች። ባል ደረቱን ነፍቶ «ይሄ ምን ያስለምናል!» አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ወሰዳት። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሰልጣኝ ነበረው። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ጎማ ማስቀየር ነበረበት። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞም አርብም የውሃ ሽታ ሆነ፤ ስልክም አያነሳ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው። በታላቅየዋ ግቢ፣ ሸራ ለብሳ፣ የሟቹ ባሏ መኪና ቆማለች። ሰፊ ናት፣ ኋላ ወንበሯ ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ይቻላል፣ ባትሪዋም ደህና ነው። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ ናት።

«የማሰልጠኛው መኪና ሥራ ላይ ከሆነ በሷ ውሰዳት እንጂ» አለችው ሚስቱ።

«በየቷ? በዚያች ሶፋ?» አለ ፍሪሲዮን። «እኔ፣ ስንት ሹፌር ያወጣሁ ሰውዬ፣ ሰልጣኞቼ እያዩኝ ሶፋ ስነዳ ልገኝ? ምን በወጣኝ! ሰው ምን ይላል?»

«የሰው ጉልበት ነው እኮ የማወራህ።»

«ጉልበት ይድናል። ስም ነው የማይድነው» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። አይ ስም! እናቱ ያወጣችለትን እንኳ ያልያዘ ሰው።

በአምስተኛው ሳምንት አርብ ልብስ ሰፊዋ እህቷ ቤት ስትደርስ፣ ታላቅየዋ ለብሳ ተዘጋጅታ፣ አንድ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ የቀጠሮ ካርዱን ይዛ አገኘቻት። የቀጠሮው ሰዓት አልፏል። ያቺ በአርባ አምስት ተማሪ ፊት ዓይኗን የማታርገበግብ ሴትዮ እንባ ባይኗ ሞልቶ ነበር፤ እንዳይታይባት ግን ወደ ካርዱ አቀርቅራለች።

«አምስት ባዶ ሳጥን» አለች። «ተማሪ ቢሆን አባርረው ነበር።»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ለመንኩት እኮ።»

«መለመንሽን ተይና ተማሪ።»

«ምን ልማር?»

«መንዳት ነዋ! መኪናው አለ፣ ቁልፉ መሳቢያው ውስጥ ነው። የጎደለው ሰው ነው።»

«እኔ? እኔማ ሞተር ነው የማጠፋው…» ብላ የባሏን ቀልድ በገዛ አፏ ልትደግመው ስትል ታላቅየዋ ክራንቿን ወለሉ ላይ ደቃችው። «እሱን ቀልድ ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም። አንቺን ምን እንደሚያስቅሽ እግዜር ይወቅ።»

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ «ክር ልገዛ ነው» ብላ ወጣች፤ የሄደችው ግን ከባሏ ማሰልጠኛ በሦስት መንገድ ወደሚርቅ ሌላ ማሰልጠኛ ነው። መዝጋቢዋ ቀና እንኳ ሳትል «ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?» አለቻት። ልብ ግን ምን ዓይነት ባሪያ ነው! ከዚያ ሁሉ ንቀት በኋላ እንኳ አፏ ላይ የመጣላት «ማንዋል» የሚለው ነው። ባሏ የሚያከብረው እሱን ስለሆነ።

«ማንዋል ካወጡ ሁለቱንም ይነዳሉ» አለች መዝጋቢዋ። «በአውቶማቲኩ ግን አውቶማቲክ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ማንዋሉን ነው የሚመርጠው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ማንዋሉ ሦስት ወር፣ እንደ ሰውየው አራትም ይሄዳል። አውቶማቲኩ ወር ተኩል።»

ልብስ ሰፊዋ የተረፈውን ጊዜ በጣቷ ቆጠረች። ሦስት ወር ከጠበቀች የእህቷ ጉልበት ደርቆ ይጠብቃታል። «አውቶማቲክ ጻፊልኝ» አለች፤ ድምጿ ግን ጥፋት እንደሠራ ሰው ቀነሰ።

አሰልጣኟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ናት። «እናቴ፣ የግራ እግርዎ ሥራ የለውም፤ እረፍት ላይ ነው። በቀኙ ብቻ ነዳጅ፣ በቀኙ ብቻ ፍሬን» አለቻት። ዞሩ፣ ታጠፉ፣ ቆሙ፣ ተነሱ። ሰዓቱ ሲያልቅ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ወደ ልብስ ሰፊዋ እግር ተመለከተች። ግራው እግር ወንበሩ ስር ተቆልፎ እንደተቀመጠ ነው።

«ማንም ሰው በመጀመሪያ ቀን እንዲህ አያደርግም» አለች ተገርማ። «ሁሉም በግራው ይራገጣል። በተለይ ማንዋል የለመዱት፣ ጉድ ነው የሚያሳዩኝ። እርስዎ የት ተማሩት?»

«ባሌ ነው ያስተማረኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህችን ስትል በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ቀኝ እግሯማ ምን ይባላል! ያ ከእንጨት የተጠረበው እግር የኮሌታ ጥግ ላይ መርፌ የሚያቆም እግር ነው፤ መኪና ማቆም ምን ያቅተዋል? ወር ተኩሉን እየዋሸች ተማረች። «ቁልፍ ልገዛ ነው»፣ «ዚፕ ተቀይሮ ነው»፣ «ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ ነው»። ባሏ አንዴም «ይሄ ሁሉ ዚፕ የት ይገባል?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሚስቱ የምትሠራውን ከመጤፍ ስለማይቆጥር ነው። እሷም ይህንኑ ንቀቱን ተጠቀመችበት። በዚያ ጊዜም ቢሆን ቀጠሮ ይዘለል ነበር፤ አንዳንዱን በታክሲ፣ አንዳንዱን እሱ ሲመቸው፣ ሌላው ግን ቀረ። ካርዱ ላይ ባዶው ሳጥን አስራ አንድ ደረሰ።

የፈተናው ቀን ፈታኙ እንቅልፍ የተጫጫነው ሰውዬ ነበር። ዳገቱ መሃል ላይ አስቁሟት «ተነሺ» አላት። ተነሳች። ለፈተና በተተከሉት እንጨቶች መሃል በኋላ ማርሽ ግቢ አላት። ገባች። እሱ እያዛጋ ወረቀቱ ላይ ፈረመ፤ እሷ ወርዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንጃ ፈቃዷ ላይ «አውቶማቲክ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለበት። በመሐረብ ጠቅልላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞም አርብም አልተዛነፈም። ሸራው ተገፈፈ፤ ታላቅየዋ ኋላ ወንበር ላይ በሩን ተደግፋ እግሯን ትዘረጋለች፤ ታናሽየዋ ትነዳለች። «ቀኝሽን እይ። ክላክስ አትንኪ፣ ባለጌ ነው የሚያስጮኸው። ጎሽ» እያለች ታርማለች መምህርቷ። ጉልበቷ ሃምሳ ገባ። ስድሳ ገባ። ሰባ ሁለት ሲደርስ ባለሙያው «እንዲህ ከቀጠላችሁ ዘጠና እንገባለን» አለ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ስትመለስ መሪውን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ነው የነዳችው።

ግን የተደበቀ ነገር መውጣቱ አይቀርም። አንድ አርብ ጠዋት ገበያው አጠገብ ባለው ዳገት ላይ ከፊቷ የነበረች የማሰልጠኛ መኪና ቀጥ አለች። ሞተሩ ጠፋ። ተነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር የአሰልጣኙ ፍሬን ያዛት። ከኋላ ያሉት ክላክሱን አቀለጡት፤ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ርቀቷን ጠብቃ ዝም ብላ ቆመች። ይኼኔ የአሰልጣኙ መስኮት ተከፈተና አንድ ራስ ወጣ። «ማነው ይሄ መቀመጫችን ላይ የተለጠፈው? ሰው ሲማር አታይም አንተ ደ…»

ስድቡ እዚያው ቀረ። ፍሪሲዮን ሚስቱን አየ። ሚስቱ መሪ ይዛለች። ከኋላዋ መምህርቷ እግሯን ዘርግታ እጇን አወዛወዘችለት።

ማታውን ቤቱ አልበቃው አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? በስንት ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ? የኔ ሚስት ሌላ ማሰልጠኛ!» ከዚያ መንጃ ፈቃዱን ካላየሁ አለ። አየው። መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየውና እየተንከተከተ ሳቀ። «አውቶማቲክ ብቻ! ይሄማ ግማሽ መንጃ ፈቃድ ነው። ከከፈልሽው ግማሹን ይመልሱልሽ።»

«ግማሹም እህቴን አድርሷታል» አለች ሚስቱ።

«በዕድል ነው! መኪና ነድተሽ አይደለም፣ መኪናው ነድቶሽ ነው። ማክሰኞ እኔ ነኝ የምወስዳት። ሹፌር ምን እንደሆነ ሶፋም ላይ ቢሆን ላሳያችሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ፍሪሲዮን ኮቱን ለብሶ ታላቅየዋ ግቢ መሃል እጁን ዘረጋ። እዚህ ላይ የልብስ ሰፊዋን ስህተት ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ እሷ ራሷ የምትናገረው ነው። ቁልፉን ሰጠችው። አስባ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ያ እጅ ሲዘረጋ የሆነ ነገር ስታስቀምጥበት ስለኖረች እጇ ቀደማት። ሄዳም ከጎኑ ተቀመጠች።

ሲጀምር ደህና ነበር። ከግቢው ወጣ፣ ዋናው መንገድ ገባ፣ ፈጠነ። «ይሄ መንዳት ነው? በግ መንዳት ይሻላል» እያለ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ ይስቃል። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሰው ሲሻገር አየና ፍጥነት ሊቀንስ አሰበ። እንግዲህ የማንዋል ሹፌር ፍጥነት ሲቀንስ ማርሽ ይቀንሳል፤ ማርሽ ሲቀንስ ደግሞ ግራ እግሩ ሳይጠየቅ ተነስቶ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ይረግጣል። የፍሪሲዮን ግራ እግርም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረውን አደረገ። ተነሳ፣ ረገጠ። አውቶማቲክ መኪና ግን ፍሪሲዮን የለውም። እዚያ ቦታ ላይ እግሩን የጠበቀው ሰፊው የፍሬን ፔዳል ነው፤ እሱም በሙሉ ጉልበቱ ነው የረገጠው።

መኪናዋ ግድግዳ የገጨች ያህል ቀጥ አለች። ልብስ ሰፊዋን ቀበቶው ያዛት። ታላቅየዋን ግን የሚይዛት አልነበረም፤ ከወንበሩ ተንሸራታ ያ ጉልበቷ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር ተላተመ። የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ታናሽየዋ ጆሮ ውስጥ አለ።

«ፍሬኑ ነው!» አለ ፍሪሲዮን ፊቱ አመድ መስሎ። «ፍሬኑ ችግር አለበት! ገና ሳየው ጠርጥሬ ነበር!»

«ውረድ» አለች ሚስቱ።

«ምን?»

«ውረድ ነው ያልኩህ!» በትዳራቸው እንዲህ ብላ ጮኻበት አታውቅም። ወረደ። እሷ ዞራ ገባች፣ እህቷን ይዛ በረረች፤ እሱ መስቀለኛው መንገድ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ቀረ።

ጉልበቱ አብጦ ዳቦ አከለ። ባለሙያው ነካ ነካ አደረገና ከንፈሩን ነከሰ። «ሽቦው ደህና ነው። ግን እብጠቱ እስኪወርድ ማጠፍ አንችልም። ሁለት ሳምንት፤ ምናልባትም ሦስት።» ከአምስቱ ወር የቀረው ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት ፍሪሲዮን ምን ሲያደርግ ሰነበተ? ስሙን ሲያድን። ለጎረቤቱ፣ ለሰልጣኞቹ፣ ለሚላጭበት ፀጉር ቤት ሁሉ «ያቺ መኪና ፍሬኗ አደገኛ ነው፤ እኔ ባልኖር ኖሮ አልቀው ነበር» እያለ አዞረ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንዲህ ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መጣ። አንዲት እናት ልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ መጥታ «የእህትሽ መኪና ፍሬን ችግር አለበት አሉ። እንደው ባልሽ ባይኖር ምን ይውጣችሁ ነበር!» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ከአፏ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣችና የጨርቅ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለች። «ችግሩ የባሌ እግር ነው። ፍሬንና ፍሪሲዮን አይለይም።»

በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያልሰማ አልነበረም። ከሰልጣኞቹ አንዱ ደፍሮ «ጋሼ፣ ይቺኛዋ የትኛዋ ነበረች?» ብሎ ወደ ፔዳሉ አሳየው። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ኩም እንዳለ ሰነበተ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ፍሪሲዮን ማንም ሳይጠራው መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ፊቱን ተላጭቶ፣ ከሁለቱ እህትማማቾች ኋላ ኋላ እያለ ሕክምና ክፍሉ ገባና ጥግ ላይ ቆመ። ባለሙያው መምህርቷን አልጋው ላይ አስተኛት። እግሯን ቀስ እያለ አጠፈው፤ እሷ የአንሶላውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛለች። የፕላስቲኩን መለኪያ ጉልበቷ ላይ አደረገ። ዝቅ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ሰማንያ አንድ።»

«ዘጠናስ?» አለች መምህርቷ።

ወጣቱ መለኪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እማማ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። ከዚህ በኋላ ብዙ የሚጨምር ነገር አይኖርም። ይራመዳሉ፣ ይቀመጣሉ። ደረጃ ግን አንድ በአንድ፣ እግር በእግር እያገጣጠሙ ነው የሚሆነው።» ካርዱን አነሳ። «አስራ አንድ ቀጠሮ ቀርተዋል። በዚያ ላይ ያ እብጠት የበላብን ሳምንታት። እንደው ባይቀሩ ኖሮ… ለምንድን ነው ግን የቀራችሁት?»

ከጥጉ በኩል «መኪና አልነበረንም» የሚል ድምፅ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተናገረችው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን ትንሽ ነው። «መኪና ነበረን። ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ቁልፉን አንስቼ የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ እሱን ጥፋት እስክሞት እኔው እሸከመዋለሁ። አስራ አንዱ ግን ያንተ ነው።»

ወጣቱ ባለሙያ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ፤ የሰው ገመና ነው።

ውጭ ሲወጡ ፍሪሲዮን ወደ መኪናው ፈጠን ፈጠን አለና የሹፌሩ በር አጠገብ ሲደርስ እጁን ዘረጋ። አውቆ አይደለም፤ የለመደው ነው። ሚስቱ ያን እጅ አየችው። እጁ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተመልሶ ኪሱ ገባ። ዞሮ በሌላው በኩል ተቀመጠ። እሷ ነዳች።

መምህርቷ ቤት ሲደርሱ አምስቱ ደረጃ ይጠብቃት ነበር። ደህናውን እግር አነሳች፣ ያኛውን ጎትታ አጠገቡ አቆመች። አንድ። ታናሽ እህቷ በአንድ በኩል ደገፈቻት። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ አጠረና ቆመች። ፍሪሲዮን ይኼኔ ከታች ሮጥ ብሎ «እትዬ፣ እኔ ልያዝዎት» ብሎ ክንዷን ሊጨብጥ ሲል መምህርቷ ክንዷን አሸሸችው።

«አንተ የያዝከው ይበቃሃል» አለችው ከላይ ወደ ታች እያየችው። «ዘጠኝ ዲግሪ ነው የቀረኝ፤ አንተ ጋ ነው ያለው። አስፋልቱ ላይ በረገጥካት ፔዳል ስር ፈልግ።»

ከዚያ ፊቷን አዞረችና እግሯን አነሳች። የቀሩትን ሁለት ደረጃዎች እስክትጨርስ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። እሱ ከስር ቆሞ እያንዳንዷን አያት፤ በሩ ከተዘጋም በኋላ እዚያው ነበር።